ቃል ከፋዩ ፕሮግራምና መግለጫው

በጋዜጣ ጠባብ ዓምድ ላይ መስመሩ ሊያልቅ ሲል «እንደሚያስተምሯቸው» የሚል ረጅም ቃል ቢመጣ፣ የሚደረገው ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። ወይ ቃሉ በሙሉ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድና ከላይ የቀሩት ቃላት እንደ ወላቃ ጥርስ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ወይ የዓምዱ ጠርዝ ወጣ ገባ ይሆናል፤ ወይም ቃሉ ከመካከሉ ተከፍሎ እኩሌታው ከላይ፣ እኩሌታው ከታች ይጻፋል። ሦስተኛውን የመረጠ ሰው ወዲያውኑ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል። ቃሉ የሚከፈለው የቱ ላይ ነው?

የእርሳስ ፊደል በእጅ ይለቀም በነበረበት ዘመን ይህን የሚወስነው ፊደል ለቃሚው ነበር። እርሱ ቋንቋውን ያውቃል፤ ቢሳሳትም አራሚው ያርመዋል። ዛሬ ሥራው ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ኮምፒዩተር ግን በዚህ ሥራ ላይ የሚከተለው ሰዎች አዘጋጅተው የሰጡትን ሕግ ነው። ሕጉን የያዘው ክፍል ብዙውን ጊዜ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሳይሆን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች በፈለጉት ጊዜ እየጠሩ የሚገለገሉበት ነው፤ የሙያው ሰዎች ላይብረሪ ይሉታል። አንድ ቃል ይሰጡታል፤ እርሱም ቃሉ ሊከፈልባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ይመልሳል። ሥራው ይኸው ነው።

ሥራው ይህን ያህል ጠባብ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለው ላይብረሪ የሚጻፈው መግለጫ ከግማሽ ገጽ ባይበልጥም ግድ የለም ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ቃል የሚከፍል ፕሮግራም ስለ ቋንቋው ብዙ ነገር አስቀድሞ ወስኖ የሚመጣ ነው። ውሳኔዎቹ ከነምክንያታቸው በጽሑፍ ካልተገለጡ፣ ተገልጋዩ የሌላውን ሰው ውሳኔ ሳያውቀው ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ መግለጫው የሥራው ማጌጫ ሳይሆን የሥራው እኩሌታ ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነው ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚሠራበት ዘዴ አመጣጥ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ፣ የሒሳብ መጻሕፍትን በኮምፒዩተር አሳምሮ ለማተም የሚያስችል ቴክ የተባለ ፕሮግራም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጅበት ጊዜ፣ የቃል አከፋፈሉን ችግር ይዞ ያጠናው ተማሪው ፍራንክ ሊያንግ ነበር። ሊያንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ለዶክትሬት ማዕርግ ያቀረበው ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር ማኅደር እጅግ ጠባብ ስለነበረ፣ የመዝገበ ቃላትን ቃላት ሁሉ ከነመክፈያ ቦታቸው ማስቀመጥ የሚያዋጣ አልነበረም። ሊያንግ የተነሣበት የኪስ መዝገበ ቃላት ብቻ ከ500 000 ባይት በላይ ይወስድ ነበር። እርሱ ግን 4500 በሚያህሉ አጫጭር ቅርጾች ሥራውን በ25 000 ባይት ውስጥ አጠቃለለው።

ቅርጽ ማለት በመካከላቸው ቁጥር የገባባቸው ጥቂት ፊደላት ናቸው። የሊያንግ ቅርጾች ለእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ቢሆኑም፣ ዘዴውን በአማርኛ ቃላት ማስረዳት አያስቸግርም። «ሰውነት» እና «ልጅነት» የሚሉት ቃላት «ሰው» እና «ልጅ» ላይ «ነት» ተጨምሮባቸው የተገኙ ናቸው፤ እንግዲህ ከ«ነት» በፊት ቢከፈሉ አንባቢው አይደናገርም። ይህን ለኮምፒዩተሩ ለመንገር «1ነት» የሚል ቅርጽ ይጻፋል። እንደ 1፣ 3 እና 5 ያለው ኢተጋማሽ ቁጥር «እዚህ ላይ ክፈል» ማለት ነው፤ እንደ 2 እና 4 ያለው ተጋማሽ ቁጥር ደግሞ «እዚህ ላይ አትክፈል» ማለት ነው። ይሁን እንጂ «እምነት» የሚለው ቃል መጨረሻው «ነት» ቢሆንም፣ «ነ» የመጣችው ከግሡ ከ«አመነ» ስለሆነ «እም» ብሎ ቈርጦ ማውረድ ቃሉን ያፈርሰዋል። ስለዚህ «እም2ነት» የሚል ሁለተኛ ቅርጽ ይጨመራል። ሁለቱ ቅርጾች በአንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ትልቁ ቁጥር ያሸንፋል፤ ሁለት ከአንድ ይበልጣልና «እምነት» ሳይከፈል ያልፋል። ለሕጉ ልዩ ሁኔታ፣ ለልዩ ሁኔታውም ሌላ ልዩ ሁኔታ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። የሊያንግ ቅርጾች እስከ 5 ድረስ ይደርሳሉ።

ዘዴው ይህን ያህል ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ነገር በስተጀርባው ያለው አሳብ ነው። ሊያንግ ስለ ውጤቱ ሲገልጽ፣ ቅርጾቹ በመዝገበ ቃላቱ ካሉት የመክፈያ ቦታዎች 89 ከመቶ የሚሆኑትን እንደሚያገኙና ስሕተት ግን የለባቸውም ለማለት እንደሚቻል ጽፏል። የቀሩት 11 ከመቶ በግድየለሽነት የተዘለሉ አይደሉም። አንድ የመክፈያ ቦታ ቢታለፍ የሚመጣው ጉዳት አንድ የላላ መስመር ነው፤ ቃል ያለ ቦታው ቢከፈል ግን አንባቢው ይሰናከላል። እንግዲህ ሊያንግ ከመሳሳት ይልቅ ዝም ማለትን መርጧል። ይህ ምርጫ በቅርጾቹ ላይ ተጽፎ አይታይም፤ 4500ውን ቅርጽ ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ቁጥርና ፊደል እንጂ ምክንያቱን አያገኝም። መግለጫ ያላገኘ ተገልጋይ አንድ ቃል ሳይከፈል ሲቀር «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ይላል፤ ከዚያም በራሱ ፈቃድ ቅርጽ ይጨምራል፤ የጨመረው ቅርጽ ያንን አንድ ቃል አቅንቶ ሌሎችን ቃላት ያጣምማል። በአማርኛው ምሳሌ «1ነት» የሚለውን አሳጥሮ «1ነ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሳያስበው «መነሻ» የሚለውን ቃል «መ» እና «ነሻ» ብሎ ይከፍለዋል።

ከቅርጾቹ ቀጥሎ ለብቻቸው የተዘረዘሩ 14 የእንግሊዝኛ ቃላት መኖራቸውም መታወቅ አለበት። እነዚህ ቅርጾቹ በሚገባ ያልያዟቸው ናቸው፤ ለምሳሌ ጠረጴዛ ማለት የሆነው «ቴብል» የሚከፈልበት ቦታ ከዝርዝሩ ውስጥ ተሰጥቶታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ግን አንድም መክፈያ ያልተሰጣቸው ቃላት ይገኛሉ፤ ከነዚህም አንዱ «ፕረዘንት» ነው። ቃሉ ስጦታ ማለት ሲሆን በአንድ ቦታ፣ ማቅረብ የሚል ግሥ ሲሆን ደግሞ በሌላ ቦታ ይከፈላል። አጻጻፉ አንድ ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ሊለየው አይችልም፤ ስለዚህ ጨርሶ እንዳይከፍለው ታዝዟል። የመክፈያ ዝርዝር ውስጥ መክፈያ የሌለው ቃል ያየ ቅን ሠራተኛ «ተረስቶ ነው» ብሎ ሊሰርዘው ወይም ሊያርመው ይችላል። ከእንዲህ ያለው ቅን ጥፋት የሚያድነው ከቃሉ አጠገብ የሚጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ከዚህም ሌላ የእንግሊዝኛው ቅርጾች የተጻፉበት ፋይል በዚያው ስሙ እንዳይለወጥ ተከልክሏል። ማንም ቢሆን አሻሽሎ ሊሠራበት ይችላል፤ ነገር ግን ስሙን መለወጥ አለበት። ምክንያቱም ከብዙ ዓመት በፊት የተዘጋጀ መጽሐፍ ዛሬ ተመልሶ ቢታተም መስመር በመስመር እንደ ቀድሞው እንዲወጣ ስለሚፈለግ ነው። ከጊዜ በኋላ የተገኙት የአከፋፈል ጕድለቶች የቴክ ተጠቃሚዎች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ በየጊዜው በዝርዝር እየወጡ፣ የፈለገ ሰው በጽሑፉ ላይ እንዲያክላቸው ተደርጓል። ይህን የማያውቅ ሰው ፋይሉን አይቶ «ይህን ያህል ዘመን ስሕተቱን የሚያርም ጠፋ» ብሎ ቢፈርድ አያስገርምም።

ቋንቋ ሲለወጥ ደግሞ ጉዳዩ ይወሳሰባል። አንድ ላይብረሪ «ጀርመንኛ ይከፍላል» ተብሎ ቢነገርለት ብዙ አልተነገረም። ስኳር ማለት የሆነውን «ዙከር» የተባለ ቃል ጀርመኖች ቀድሞ ሲከፍሉት ከሁለቱ የ«ክ» ድምፅ ፊደላት አንዱን በሌላ ይለውጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተደረገው የአጻጻፍ ማሻሻያ ወዲህ ግን ሁለቱም ፊደላት ሳይለወጡ አንድ ላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በዚህም የተነሣ ለአሮጌውና ለአዲሱ አጻጻፍ የተለያዩ ቅርጾች ተዘጋጅተዋል። በሃንጋሪኛ ደግሞ አንዳንድ ቃል ሲከፈል፣ ሳይከፈል በፊት ተውጦ የነበረ ፊደል ተመልሶ ይመጣል። የሊያንግ ዘዴ የመክፈያ ቦታ ያሳያል እንጂ ፊደል አይጨምርም፤ ላስሎ ኔሜት የተባለው ሃንጋሪያዊ ይህ እንዲቻል ዘዴውን አስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ሥራው ጽፏል። እንግሊዝኛ እንኳ በሁለቱ አገሮች አንድ አይደለም። ዕውቀት ማለት የሆነውን «ኖሌጅ» አሜሪካኖች አነጋገሩን ተከትለው ከ«ል» ድምፅ በኋላ፣ እንግሊዞች የቃሉን አመሠራረት ተከትለው ከዚያ በፊት ይከፍሉታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ላይብረሪው የማንን ልማድ እንደያዘ መግለጫው ካልተናገረ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

መግለጫ ጸሐፊዎች በቀላሉ የሚያልፉት፣ የግዕዝን ፊደል ለሚጠቀሙ ግን ትልቅ መሰናክል የሚሆን አንድ ጉዳይም አለ፤ እርሱም አቈጣጠር ነው። ላይብረሪው «ከሁለተኛው በኋላ ክፈል» ብሎ ቢመልስ፣ ሁለተኛው ምን ማለት ነው? ሁለተኛው ፊደል ነው ወይስ ሁለተኛው ባይት? በተለመደው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ስለሚይዝ የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት አይታይም፤ መግለጫውን የጻፈው ሰውም ነገሩ በአሳቡ ላይመጣለት ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ በአብዛኛው በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ወንድም» አራት ፊደል፣ ዐሥራ ሁለት ባይት ነው። ከሁለት ባይት በኋላ ቢቈረጥ የሚቈረጠው «ወ» የሚለው ፊደል ራሱ ነው፤ በገጹም ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይወጣል። እንዲሁም ቈጠራው ከዜሮ ይጀምር እንደሆነ ወይም ከአንድ፣ በመስመር መጨረሻና መጀመሪያ ቢያንስ ስንት ፊደል መቅረት እንዳለበት፣ ቍጥርና ሥርዓተ ነጥብ የተቀላቀለበት ቃል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ መናገር ይገባል። በቴክ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሲከፈል ከላይ ቢያንስ ሁለት፣ ከታች ቢያንስ ሦስት ፊደል ይቀራል።

አንዳንድ ፕሮግራም ጸሐፊዎች «ኮዱ ራሱ ይናገራል፤ ማወቅ የፈለገ ገልጦ ያንብብ» የሚል መከራከሪያ ያነሣሉ። መከራከሪያው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። መግለጫ ሲያረጅ ማንም አያየውም፤ ፕሮግራሙ ተለውጦ መግለጫው እንደ ቀድሞው ሲቀር፣ ባዶ ገጽ የማያሳስተውን ሰው ያሳስታል። ይሁንና ከላይ እንደታየው፣ ኮዱ የሚናገረው ምን እንደተደረገ ነው፤ ለምን እንደተደረገና ምን ሆን ተብሎ እንደተተወ አይናገርም። ክኑዝ ራሱ በዚህ ረገድ ያሳየው መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። ፕሮግራሙንና የፕሮግራሙን ማብራሪያ በአንድነት እንደ አንድ ድርሰት ጻፋቸው፤ የቴክም ኮድ ከነማብራሪያው እ.ኤ.አ. በ1986 ራሱን ችሎ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። ሁሉም እንደ እርሱ ይጻፍ ማለት ያስቸግራል። ቢያንስ ግን በመግለጫው ላይ ለምሳሌ የተሰጡት ቃላት በሙሉ፣ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቍጥር በራሱ በኮምፒዩተሩ እንዲፈተኑ ማድረግ ይቻላል። አንድ ምሳሌ ከመግለጫው ጋር ካልተስማማ ከሁለቱ አንዱ መሳሳቱ ወዲያው ይታወቃል።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ጉዳዩ የራሱ ታሪክ አለው። የብራና ጸሐፊዎች ገጹን በዓምድ ከፍለው ሲጽፉ፣ መስመሩ ሲያልቅባቸው ቃሉን ከፈለጉበት ፊደል ላይ ያቋርጡና ያለ ምንም ምልክት ወደ ታች ይቀጥሉ ነበር። በሌሎች አገሮች አጻጻፍ እንደሚደረገው በመስመር ጫፍ ጭረት አላስፈለጋቸውም። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይቀመጥ ስለነበረ፣ በመስመሩ መጨረሻ ሁለት ነጥብ ያላየ አንባቢ ቃሉ ገና እንዳላለቀ ይረዳል። ብልህ ዘዴ ነበር! በዛሬው ኅትመት ግን በአብዛኛው የሁለት ነጥብን ቦታ ባዶ ቦታ ወስዶታል፤ በመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ደግሞ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ «ወንድ» ከላይ፣ «ም» ከታች ቢጻፍ፣ አንባቢው ከላይ ያለውን ሙሉ ቃል አድርጎ ያነበዋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ነው ስለ ወንድም እንጂ ስለ ወንድ እንዳልተነገረ የሚገባው። «ሰማይ» የሚለውም «ሰማ» ላይ ቢቋረጥ እንዲሁ ነው። ቋንቋውን በመማር ላይ ላለ ተማሪ ይህ ቀላል መሰናክል አይደለም።

ለቴክ ከተዘጋጁት ቅርጾች መካከል የግዕዝን ፊደል ለሚጠቀሙ ቋንቋዎች ሁሉ በአንድነት የተሠራ ፋይል ይገኛል። የሚከተለውም የብራናውን ልማድ ነው፤ በፊደልና በፊደል መካከል መክፈልን ይፈቅዳል። ይህ ስሕተት ነው ሊባል አይገባም፤ የቈየ ባህል ነው፤ ለግዕዝ ጽሑፍም ሆነ በሁለት ነጥብ ለሚታተም መጽሐፍ የተስማማ ነው። ባዶ ቦታን ለሚጠቀም የአማርኛ መማሪያ ግን ሌላ ቅርጽ ያስፈልጋል። ያንን የሚያዘጋጅ ሰው ወዲያው ከፊደሉ ጠባይ ጋር ይጋጫል። «ሰውነት» ወደ «ሰውነቱ»፣ «ሰውነቴ»፣ «ሰውነታችን» ሲለወጥ «ት» ወደ «ቱ»፣ ወደ «ቴ»፣ ወደ «ታ» ይቀየራል፤ ለኮምፒዩተሩ እነዚህ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ አንዱ የ«ነት» ሕግ በየፊደሉ ቤት እየተደጋገመ ይጻፋል። «ክህነት» ከ«ካህን» የመጣ ስለሆነ እንደ «እምነት» እንዳይከፈል ሲከለከል፣ «ክኅነት» ብሎ ለሚጽፈውም ሰው ሌላ መስመር መጨመር አለበት። ድምፅ ተከትሎ መክፈልም መፍትሔ አይሆንም፤ «በላ» ሲነገር «ል» ይጠብቃል፤ የድምፁ ወሰን የሚያርፈው በራሱ በ«ላ» ፊደል መካከል ስለሆነ በጽሑፍ ሊከፈል አይቻልም።

ይህን ሁሉ ፕሮግራም ጸሐፊው ብቻውን እንዲያውቀው መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። የአማርኛ መምህሩና የማተሚያ ቤቱ አራሚ አብረውት ተቀምጠው፣ የትኛው ቃል ለምን እንደተከለከለ በአማርኛ ሊጽፉለት ይገባል። ለምሳሌ በአንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል፦ «ይህ ላይብረሪ በባዶ ቦታ ለሚለያይ የአማርኛ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው። ‹ወንድም› አይከፈልም፤ ከላይ የሚቀረው ‹ወንድ› ራሱን የቻለ ቃል ነውና። ቈጠራው በፊደል እንጂ በባይት አይደለም።»